አንድ ስም፣ ሁለት ቀበሮ

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይላሉ አበው። ይህ ለሰው ልጅ ይሠራል። አውሬ ግን ክርስትናም ሆነ አቂቃ የለውምና ስሙን የሚያወጣለት ጎረቤቱ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ የተቀየመ ጎረቤት። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ያን ስም ተሸክሞ ይዞራል። «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብሎ የሚከራከርበት ሸንጎ የለውም።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ ስሞች ሁሉ የከበደው፣ በእንግሊዝኛ በኩል ወደ እኛ የመጣው «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» የሚለው ይመስለኛል። ባሕር የሌለን ሰዎች ስለዚህ ፍጥረት ምን አገባን የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስለ ባሕር አራዊት የምናውቀውን ያወቅነው ከመጽሐፍ ነው። ዓሣ ነባሪን ራሱን ያስተዋወቀን ነቢዩ ዮናስ ነው፤ ግዕዙ «ዐንበሪ» ይለዋል፤ በወሎ ደግሞ ታሪኩ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ይነገራል። ነገር ግን ቃል ለሚወድ ሰው የዚህ እንስሳ ስም አንድ ጉዳይ አለው። እንደሚተረከው፣ የጥንት መርከበኞች ይህ ፍጥረት በመንጋ ሆኖ ታላላቅ ዓሣ ነባሪዎችን ሲያድን አይተው «የዓሣ ነባሪ ገዳይ» አሉት። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ተገለበጠና «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» ሆነ። በአማርኛም ልዩነቱ ይሰማል። የመጀመሪያው ስም እንስሳው ምን እንደሚበላ ይነግረናል፤ ሁለተኛው በጠባዩ ላይ ይፈርዳል። የሳይንስ ሊቃውንትም ቢሆኑ አልራሩለትም፤ ኦርሲነስ የሚለው የላቲን ስሙ ሮማውያን የሙታንን ዓለም ከሚጠሩበት ቃል ጋር የተያያዘ ነው። በዝምድናው ግን ከዶልፊኖች ቤተ ሰብ ነው፤ ከእነሱም ትልቁ። እኔ ከዚህ በኋላ አጭሩን ስሙን ይዤ ኦርካ እለዋለሁ።

ኦርካ ምን ይበላል? መልሱ «የትኛው ኦርካ?» የሚል ነው። በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ፣ ካናዳና አሜሪካ በሚዋሰኑበት ባሕር፣ በአንድ ውኃ ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ዓይነት ኦርካዎች አሉ። አንደኞቹ ዓሣ በሊታ ናቸው፤ ያውም ከዓሣ ሁሉ አብልጠው ቺኑክ የሚባለውን ትልቅ ሳልመን የሚመርጡ። ሁለተኞቹ ዓሣ አይነኩም፤ አቆስጣንና ሌሎች የባሕር አጥቢዎችን ያድናሉ። (አቆስጣን እኛ የምናውቀው በኦሪት ዘጸአት ለድንኳኑ መሸፈኛ በሆነው ቁርበቱ ነው።) ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ አይዋለዱም፣ ድምፃቸውም ይለያያል። በአርጀንቲና ፓታጎንያ ደግሞ ማዕበሉን ተከትለው እስከ አሸዋው ድረስ በደረታቸው ወጥተው የባሕር አንበሳ ግልገል ይዘው የሚመለሱ አሉ። በአንታርክቲካ ጎን ለጎን እየዋኙ ሞገድ በማንሣት፣ በበረዶ ላይ የተኛውን አቆስጣ አጥበው ወደ ውኃ የሚጥሉ አሉ። በደቡብ አፍሪካ ሻርክ ገድለው ጉበቱን ብቻ በልተው የሚሄዱ አሉ። ይህን ሁሉ ልጅ ከእናቱና ከአያቱ እያየ ይማረዋል። የገበታ ወግ እንደማለት ነው። የዓሣ በሊታው ልጅ አቆስጣ አጠገቡ ቢዋኝ ምግብ መሆኑ ትዝ አይለውም፤ በቤታቸው እንዲህ ያለ ነገር አይበላማ!

አሁን የምነግራችሁ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ነበር። ተመራማሪዎቹ የኦርካዎችን ድምፅ ቀድተው በባሕሩ ውስጥ ለአቆስጣዎች አሰሙ። የአጥቢ በሊታዎቹ ድምፅ ሲሰማ አቆስጣዎቹ ሸሹ። ከሌላ አገር የተቀዳ፣ የማያውቁት የዓሣ በሊታ ድምፅ ሲሰማም ሸሹ። የአካባቢያቸው ዓሣ በሊታዎች ድምፅ ሲሰማ ግን በቦታቸው ቆዩ። የማይጎዳቸውን ጎረቤት ለይተው ያውቁታል ማለት ነው። እኛ ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥተን፣ በስሙም ላይ «ገዳይ» ጨምረን ስናበቃ፣ ሊበላ የሚችለው አቆስጣ ግን ማን ማን እንደሆነ በጆሮው ይለያል።

በሰው ላይስ? በነጻ ባሕር ኦርካ ሰው ገደለ የሚል የተረጋገጠ ታሪክ እስከ ዛሬ የለም። በካሊፎርንያ እ.ኤ.አ. በ1972 በማዕበል ላይ የሚንሸራተት አንድ ሰው ተነክሶ ተለቅቋል፤ ምናልባት አቆስጣ መስሎት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በስፔንና በፖርቱጋል ዳርቻ የጀልባ መሪ እየገፉ የሚሰብሩ ኦርካዎች ተነሥተዋል፤ የሰጠሙ ጀልባዎችም አሉ፤ በጀልባዎቹ ላይ የነበሩትን ሰዎች ግን አልነኳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ጥናት ደግሞ ኦርካዎች ያደኑትን ይዘው መጥተው ለሰው ያቀረቡባቸውን 34 አጋጣሚዎች ዘግቧል። ሰው የሞተው በእኛ ገንዳ ውስጥ ነው። በመዝናኛ ገንዳ ተይዘው ትርኢት በሚያሳዩ ኦርካዎች አራት ሰዎች ሞተዋል፤ በሦስቱ ሞት ውስጥ ቲሊኩም የተባለው አንዱ ኦርካ አለበት። እሱ ከእናቱ ተነጥቆ በሕፃንነቱ የተያዘ ነበር። ይህን ለማስተባበያ አላቀርበውም፤ የሟቾች ቤተ ሰብ ሐዘን ሐዘን ነው። ነገር ግን «ገዳይ» የሚለው ስም ከገንዳው በፊት ነበረ።

ከዚህ በኋላ ከባሕሩ ወጥቼ ወደማውቀው ደጋ እመለሳለሁ፤ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለደጋው ብዬ ነውና።

ያደግሁት ከመካነ ሰላም ወጣ ባለ አገር ነው። ምዕራብ ደቡብ ወሎን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ ሸለቆ፣ በሌላ ወገን ወደ በሽሎ የሚወርድ፣ ከላይ ግን ሜዳና ተራራ የሆነ አገር አድርጎ ያስበው። በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው ጫካ ደንቆሮ ይባላል። የደን ስም ሲወጣ እንዲህ ነው እንግዲህ! ጫካው የማይሰማ ሆኖ ነው ወይስ እኛ? በ2001 ዓ.ም. ገደማ ክልሉ የቦረና ሳይንት ፓርክ ብሎ ከለለው፤ ያን ጊዜ ስፋቱ ወደ 4,400 ሄክታር ይደርስ ነበር፤ ኋላም ወረሂመኖን ጨምሮ ሰፍቷል። ከታች ከ1,900 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 3,700 ሜትር አካባቢ ይወጣል። ከታች ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ በላይ ጓሳና ጅብራ። ከአስታው በላይ፣ ጠዋት ውርጭ በሚጋገርበት ሜዳ፣ ቀይ ቀበሮ አለች።

ቁጥሯ ጥቂት ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም፤ በአገራችንም በሙሉ አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ በባሌ ናቸው። የቀሩት በአርሲ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በሰሜን ተራሮችና በወሎ ከፍታዎች እዚህም እዚያም የተበታተኑ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ሁሉ የታረሰ አገር ነው። የቦረና ሳይንቷ ቀበሮ ወደ መንዝ ዘመዶቿ ልሂድ ብትል መንገዱ የሰው ደጅ ነው።

ምን ትበላለች? አይጥ። መልሱ ይህን ያህል አጭር ነው። በባሌ በተደረገ ጥናት በኩሷ ውስጥ ከተገኘው ያደነችው ነገር ከመቶው 96 እጅ የአይጥ ወገን ነበር። ቤተ ሰቧ በአንድነት ይኖራል፤ ማለዳና ማታ ተሰብስበው ተላልሰውና ተጫውተው ድንበራቸውን ይጠብቃሉ፤ ለአደን ግን እያንዳንዷ ብቻዋን ትወጣለች፤ አይጥ ለሁለት አይሆንማ! አይጦቹ በቀን ስለሚወጡ እሷም በዋነኛነት የምታድነው በቀን ነው። ጆሮዋን ወደ መሬት ዘንበል አድርጋ ቀስ እያለች ትሄድና ትቆማለች፤ እንደገና ትራመዳለች፤ ከዚያ ትዘላለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባሌ የወጣ ዘገባ ሌላም ነገር ጨምሮልናል፤ ችቦ የመሰለውን ቀይና ቢጫ የደጋ አበባ እየላሰች ማሩን ስትቀምስ ታይታለች፤ አፍንጫዋም የአበባ ዱቄት ይዞ ወደ ሌላው አበባ ይሄዳል። ሥጋ በሊታ አውሬ እንደ ንብ! ለሰው ያላት ጠባይም ቢሆን ከሩቅ ቆሞ አይቶ መንገዱን እንደሚቀጥል መንገደኛ ነው። ጤነኛ ቀይ ቀበሮ ሰው አሳደደች ሲባል በደጋው አልሰማሁም።

ታዲያ በግ አትበላም? ትበላለች፤ አልፎ አልፎ ግልገል ትወስዳለች፤ ይህን የሚክድ ሰው ለደጋው ገበሬ ሊናገር አይገባውም። በውርጭ አገር አንዲት በግ ማለት የልጅ ደብተር፣ የጨው፣ የማዳበሪያ ዕዳ ማለት ናት። ነገር ግን በደጋው ሌላ ቀበሮ አለች። ግራጫ፣ ቡላ፣ በሁሉም አገር የምትገኝ፣ ተራ ቀበሮ የምንላት። የሳይንስ ሰዎች ለረጅም ዘመን ከእስያዋ ቀበሮ ጋር አንድ አድርገዋት ኖረው፣ ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ በዘር ምርመራ የአፍሪካ ተኩላ ብለው ለዩዋት። እሷ ያገኘችውን ትበላለች፤ አይጥም፣ ጥንብም፣ ፍራፍሬም፣ ግልገልም። በሰው አጠገብ መኖር ታውቅበታለች። ጅብም አለ፤ ነብርም በጫካው አለ፤ ጌታው የማይመግበው የመንደር ውሻም አለ።

በግ ጠፋች እንበል። ሁለቱም ቀበሮ ይባላሉና ክሱ በቀበሮ ላይ ይመሠረታል። ፍርዱ ግን በቀን በሜዳው ላይ በምትታየው በቀይዋ ላይ ይወድቃል። የሌሊቷ ተሠውራለች።

አንድ አጎት አለኝ፤ በደጋው ገብስ አርሶ፣ በግ አርብቶ ያረጀ። ስለዚህ ጉዳይ ክርክር ገጥመን ነበር።

«አንተዬ፣ እናንተ ከተሜዎች ደግሞ ለቀበሮ ጠበቃ ሆናችሁ መጣችሁ?» አለኝ።

«አጎቴ፣ በጊቱን የወሰደቻት ቀይዋ ናት ወይስ ያችኛዋ? አይተዋታል?»

«ሌሊት ቀለም ይለያል እንዴ? ጠዋት ስነሣ በጌ የለችም። ቀበሮ ናት።»

«ሌሊት ከሆነማ ቀይዋ አይደለችም ይሆናል። እሷ የቀን ሠራተኛ ናት።»

ጥቂት ዝም አለና «እንግዲያው ለበጌ ካሣ የሚከፍለኝን የሌሊቱን ሠራተኛ አምጣልኝ» አለ። የሳቀው እሱ ብቻ ነበር። ክርክሩን ማን እንደረታ አንባቢ ይፍረድ፤ እኔ ግን አጎቴን ጨካኝ ነው አልልም። የጠፋችበትን በግ ያውቃል፤ በዓመት ስንት አይጥ ከገብሱ ዳር እንደተለቀመለት ግን ማንም ቆጥሮ አልነገረውም። ጉዳት በዓይን ይታያል፤ የቀረ ጉዳት አይታይም።

ወደ አቆስጣው ልመለስ። በእኛም ደጋ እንደ አቆስጣ ለይቶ የሚያውቅ አለ፤ ጭላዳ። በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ገብታ ስታድን ጭላዳዎቹ ሣራቸውን ከመንቀል አይቦዝኑም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮዋ በጭላዳዎቹ መካከል ሆና ከሞከረችው 67 ከመቶው ይሳካላታል፤ ብቻዋን ስትሆን ግን 25 ከመቶ ብቻ። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነቅሉ አይጦቹ ከጉድጓድ ይወጡ ይሆናል፤ ወይም በመንጋው መካከል ስትሆን አይጦቹ አይለዩዋት ይሆናል። የሚገርመው ግን ጠባይዋ ነው። በእጇ ልትይዘው የምትችለው የጭላዳ ግልገል አጠገቧ እየተንከባለለ ቀበሮዋ ወደ እሱ አትዞርም። አንድ ጊዜ አንዷ ደፍራ ግልገል ብትይዝ መንጋው ተነሥቶ አስጥሏት አባርሯታል፤ ተመልሳም እንዳትገባ ከልክሏታል። ስምምነቱ ያለ ጽሑፍ ነው፤ ያፈረሰ ይባረራል፤ ያልፈረሰው ግን በዘመዱ ጥፋት አይቀጣም። ጭላዳ አንዷ ስለበደለች ሌሎቹን ሁሉ አላባረረም።

እኛ ግን ቋንቋ አለን፤ በቋንቋችንም እንቸኩላለን። አማርኛ ለአራዊት ማዕረግ መስጠት የሚያውቅ ልሳን ነው። ጅብን የምንፈራውን ያህል «አያ ጅቦ» ብለን እንደ ታላቅ ወንድም እንጠራዋለን፤ ጦጣን «እመት ጦጢት» እንላታለን። ለቀበሮ ግን ተንኮል እንጂ ማዕረግ አላተረፍንላትም። በወንጌል ሄሮድስ የተሰደበው በእሷ ስም ነው። በጎጃምና በሰሜን ጎንደር ቀይዋን «ዋልጌ» የሚሏት እንዳሉ ተመዝግቧል፤ ከቀበሮም የከፋ! የባሌ ኦሮሞዎች ብቻ በጥንቃቄ አይተው ሰይመዋታል፤ «ጀደላ ፈርዳ» ይሏታል፤ የፈረስ ቀበሮ። ሊወልዱ የደረሱ ባዝራዎችን ተከትላ የእንግዴ ልጁን ስለምትበላ ነው። ስሙ አላሞገሳትም፣ አልሰደባትምም፤ የምትሠራውን ነገረን። ስም ማለት ይህ ነው።

አያ ጅቦን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በሰሜን ኢትዮጵያ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ። የጅብን ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ፀጉር ለዩ። ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ፀጉር ከመቶው 15 ያህል ነበር፤ በጾሙ ውስጥ ወደ 33 ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጾም እርድ የለም፤ እርድ ከሌለ አጥንትና ሽንፍላ ወደ ውጭ አይጣልም፤ ጅቡም ወደ አህያ ይዞራል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ስንል ኖረናል፤ ጅቡን ወደ አህያዋ የላከው የእኛው የቀን መቁጠሪያ መሆኑን ግን ማን አሰበ? በሐረር ደግሞ በምሽት በስሙ እየተጠራ ከሰው እጅ ሥጋ ይቀበላል። አውሬ ለሰው ያለው ጠባይ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው የተማረው ነው።

ወደ ስሙ ጉዳይ። ቀይዋን ቀበሮ ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሩፔል ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ወደ ሰሜን ተራሮች መጥቶ አይቷት ሲሜንሲስ የሚለውን ስም ሰጣት። ፈረንጆቹም ለረጅም ጊዜ የሰሜን ቀበሮ ሲሏት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የዘር ጥናት የቅርብ ዘመዶቿ የአውሮፓና የአሜሪካ ተኩላዎች መሆናቸውን ሲያሳይ የኢትዮጵያ ተኩላ የሚለው ስም ጸና። ለእነሱ ይህ ሹመት ነው። ተኩላ በእነሱ ዘንድ ግርማ አለው፤ ጎብኚም ለተኩላ ብሎ ባሕር ያቋርጣል።

አንዳንድ ወገኖቻችን አማርኛውም ይከተል፣ «የኢትዮጵያ ተኩላ» እንበላት ይላሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። በአማርኛ ተኩላ ማን እንደሆነ ለአንባቢ አልነግርም፤ የበግ ለምድ ለብሶ የሚመጣው፣ በየስብከቱና በየፖለቲካው ንግግር የሚጠራው እሱ ነው። በግ አርቢ ለሆነ ሕዝብ «ይህቺ ከዛሬ ጀምሮ ተኩላ ናት» ብሎ ማወጅ የሞት ፍርድ ማንበብ ነው። በእንግሊዝኛ ያዳናት ስም በአማርኛ ይገድላታል። እንዲህ ያለውን ቃል ሳይመዝኑ የሚያሻግሩ ተርጓሚዎች «የዓሣ ነባሪ ገዳይ»ን ከገለበጡት መርከበኞች የሚሻሉበት ነገር አይታየኝም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላስቸገርኳችሁ ነበር። በጉና ተራራ የነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ጠፍተዋል። በጎጃም ጮቄም ከዚያ ቀድመው ጠፍተዋል። በባሌ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው የእብድ ውሻ በሽታ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። በሽታውን ያመጣው ከመንደር የወጣ ውሻ ነው። ማን ለማን አደገኛ እንደሆነ እንግዲህ ፍረዱ። ሰውም ገብሱን ይዞ በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ግን ተራራው ያልቃል፤ ቀበሮዋ ከጫፉ በላይ የምትወጣበት አገር የላትም። እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች አንዱ በጥይት እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። ጠባቂዎችና ሐኪሞች ወደ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አስታመሙት፤ ድኖ ወደ ተራራው ተመለሰ። ስሙን ተረፈ አሉት። ቀይ ቀበሮ በአማርኛ ካገኘቻቸው ስሞች ሁሉ በፍቅር የወጣው እሱ ነው።

ለደጋው የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አሉ፤ የመንደሩን ውሻ መከተብ፣ በሥጋ ውስጥ በተሰወረ ክትባት ቀበሮዋን ራሷን መጠበቅ (ይህ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በባሌ ተጀምሯል)፣ በግ የጠፋበት ገበሬ በውል የሚደመጥበትን መንገድ ማበጀት። የመጨረሻው ካልተደረገ አጎቴን በቃል ብቻ አሳምናለሁ ብዬ አልደክምም። የእኛ የጸሐፊዎችና የአንባቢዎች ድርሻ ትንሽ ናት፤ ግን የራሳችን ናት። ለልጆች ተረት ስንጽፍ፣ ዜና ስናቀናብር፣ መጽሐፍ ስንተረጉም «ቀይ ቀበሮ»ን በሙሉ ስሟ እንጥራት፤ «ቀይ» የሚለውን ቆርጠን «ቀበሮ» ብቻ አንበላት። ከቀለሟ የወጣ ስም ነው፤ አልተሰደበችበትም፣ በግ ስትሰርቅም አያሳያትም፤ ከዚያችኛዋም ይለያታል። ኦርካንም ኦርካ እንበለው፤ «ገዳይ»ን ከሌላ ቋንቋ መበደር አያስፈልገንም።

አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። የባሌ ሰዎች የፈረስ ቀበሮ እንዳሏት፣ በቦረና፣ በሳይንት፣ በወረሂመኖ ወይም በደላንታ ሽማግሎችና እረኞች ዘንድ ለቀይዋ ቀበሮ የተለየ ስም የሚያውቅ አንባቢ ካለ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል። ያገላበጥኳቸው መዝገበ ቃላት ስለዚህ ዝም ብለዋል። አጎቴን ጠይቄው ገብሱን መውቃት እስኪጨርስ ጠብቅ ብሎኛል።